ከፎቶው ጀርባ

የቤት ገማቹ ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀረው፤
አባቴን ከሳሎን ግድግዳ ላወርደው፣
የሰቀልኩት እኔ፣ የማወርደው እኔው።
የሠርጌን ፎቶ፣ የልጆቼን ልደት፣
እናቴን በነጭ ባርኔጣዋ፣ የፋሲካ ዕለት፣
አልጋ ሥር ከተትኩ እንደ ስርቆሽ ንብረት።

ኢማራ አጠገቤ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ክፈፉን አቅፋለች፣ አስጠግታ ደረቷ።
«ምን አጥፍቶ ነው» አለች «አያቴ 'ሚደበቅ?»
መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ ቢደርቅ፣
«ያዢው በደንብ» አልኳት «መስታወቱ እንዳይወድቅ።»

በመጋቢት መጥቶ የመጀመሪያው ሰው፣
ፊታችንን አየ፣ ጣሪያውን ሳያየው፤
መቶ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብሎ ጽፎ ሄደ፣
ያው ጡብ፣ ያው ወለል፣
በቀለማችን ልክ ተሰፍሮ ወረደ።

ዛሬ ግን በሩን የምትከፍት ግሬቸን ናት፣
የመድኃኒት ቤት ባልደረባዬ፣ ነጭ፣ ዝምተኛ ሴት፤
የራሷን ልጆች ፎቶ ከቤቷ ይዛ መጥታ
ደረደረችልን በኛ ክፈፍ ቦታ።
እኛ መኪና ውስጥ፣ ሁለት መንገድ ርቀን፣
በገዛ ቤታችን እንደ ሌባ አድብተን።

እዚያ ነው የነገርኳት፣
ዝናብ ሲደበድብ የመኪናውን ጣራ፣
የአባቴን የሉሺየስን ሥራ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቶሊዶ ከተማ፣ እሳት ፊት ቆሞ፣
አሸዋ አቅልጦ፣ የሰውን መስኮት አቁሞ፣
አንድ ቤት ገዛ፣ ባለ ፖም ዛፍ ጓሮ።
ሞተ፤ ሳይናዘዝ፣ ነገ እያለ ኖሮ።
ዘጠኝ ወራሽ ቀረ፣ ዘጠኝ ፊርማ ጠፋ፣
የግብሩ ቀን አልፎ፣ ደብዳቤው ሳይከፈት በመሳቢያ ሰፋ፤
ከዕለታት አንድ ቀን፣ እኛ ሳንሰማ፣
ቤቱ በሐራጅ ሄደ፣ በአሮጌ መኪና ዋጋ፣ ለማናውቀው ጌታ።

የአባት ዕዳ ለልጅ፣ ሲባል እሰማለሁ፤
እኔ ዕዳ እንኳ መች ከሱ ወርሻለሁ?
የደረሰኝ ድርሻ ጥንድ የቆዳ ጓንት፣
የመዳፉ ቅርጽ ዛሬም ያለበት።

«እና ስሚኝ ልጄ፣
እኔ መድኃኒት እቆጥራለሁ፣ አባትሽ ድልድይ ይሠራል፤
ደመወዝ ግን እንግዳ ነው፣ ዓርብ መጥቶ ሰኞ ይሄዳል።
የቆምንበት ወለል መስታወት ነው፣ ያብረቀርቃል፤
የጎረቤት ልጅ ቢወድቅ፣ ምንጣፍ ይቀበለዋል፣
የኛ ልጅ ያዳለጠው ለት፣ ምድር ቤት ይደርሳል።»

«ታዲያ ሀብታም ነን?» አለ ዴክስተር ከኋላ፣
የድንች ጥብሱን ከከረጢት እየበላ።
«አይደለንም።»
«ድሃስ?»
«አይደለንም።»
«ምንድን ነን ታዲያ?»
ሮይስ መሪውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ከመንገዱ፣
«መሃል ላይ ነን» አለው፣
«ከሁለቱም በኩል ነፋስ የሚገባበት፣ እዚያ ነን፣ ልጄ፣ በመሃል መንገዱ።»

ማክሰኞ መጣ ቁጥሩ፦ ሁለት መቶ ስድስት ሺህ።
ስልሳ ስምንት ሺህ
የመልካችን ቀረጥ ነበር፤
ባልጠፋ ፊት የተከፈለ፣ ባልፈረሰ ግድግዳ ላይ የሚቆጠር።
ደስ ሊለኝ ፈልጌ ደስታ እምቢ አለኝ፣
ሳህን እያጠብኩ እጄን ውሃው ውስጥ ረሳሁት፣ ሮይስ መጥቶ ቧንቧውን ዘጋልኝ።

በሳምንቱ ሁለታችንም ከሁለት ምስክር ጋር ሄደን፣
አባቴ ያልጻፈውን ጻፍን፤ ተናዘዝን።
ልጆቹ ከጎን ተቀምጠው አነበቡት፣
ዴክስተር «ውርስ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈበት።

ማታ ፎቶዎቹን ከአልጋ ሥር አወጣን።
ግድግዳው ላይ ነጣ ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች ቆይተውናል፤
ገማቹ ሳያያቸው አልቀረም፣
ወይ አይቶ ዝም ብሏል።

ኢማራ የአያቷን ክፈፍ ገለበጠችው፣
ከጀርባው ካርቶን ላይ፣ በእርሳስ፣
መቶ ሠላሳ ስምንትን፣ ከሁለት መቶ ስድስት በታች አሰፈረችው፣
መስመር አሰመረች።
«መልሱስ?» አልኳት።
ሚስማሩን በጥርሷ ነክሳ፣
«ገና ነው» አለች፣
እና እጇን ዘረጋች መዶሻውን ልትቀበል።